ጭቃ ላይ የዋለው ችሎት

ሰው ሲሰድበኝ ቀኑን አልረሳም። ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ፣ ምን ለብሶ እንደሰደበኝ እስከነአዝራሩ ልነግራችሁ እችላለሁ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ብዘረዝር አንጨርስም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው ነው። የሰደበኝ የሱዳን የላይኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ዘመኑ ሰማንያ ስምንት፣ የፍልሰታ ጾም የተፈታ ዕለት። ቦታው ከገዳሪፍ ወደ ዶካ የሚወስደው መንገድ ዳር። የለበሰው እስከ ጉልበቱ የተሰበሰበ ነጭ ጀላቢያ። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ ይህ ልጅ ለፍየል ጥበቃ እንጂ ለትምህርት አልተፈጠረም፣ አለ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሌላውን ሰው የሚሰድበው ጎረቤቱ ነው፤ ሲበዛ የወረዳ ዳኛ ነው። እሱ ይግባኝ ይላል። እኔ ወዴት ልበል? ይህንን በራክሻዬ፣ ማለት በባጃጄ፣ ተሳፍሮ ያልሰማ የገዳሪፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ እየሳቀ ይወርዳል። አንዳንዱ ሳይከፍል እየሳቀ ይወርዳል። የሁለተኛውንም ቀኑን አልረሳም።

ያን ጊዜ አባቴ አየነው ሰሊጥ አራሚ ነበር። ኸሪፉ፣ ማለት ክረምቱ፣ ሲገባ ከቋራ ቆላ ተነስተን ድንበሩን ተሻገርንና ከዶካ ወዲህ ካለ አንድ ሰፊ እርሻ ገባን። ሌላው ሳሉግ፣ ማለት የወቅት ሠራተኛ፣ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ ነው ለአረም የሚመጣ። እናቴ እናኑ ግን "እዚያ ሄደህ ሌላ ልታገባ ነው" ብላ ተከተለችው። እኔን ደግሞ የሚጠብቀኝ ስለጠፋ አብሬ ተጫንኩ። የምናድርበት ራኩባ ከሣርና ከማሽላ አገዳ የተሠራ ረጅም ዳስ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይብሳል። ጭቃው ዋልካ ነው። አንዱን እግር ስታወጣው ሌላው ይሰምጣል። ጎልማሳው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጫማውን በእጁ ሲምስ ይታያል። እኔ የጎማ ጫማዬን በቃጫ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር አስሬ ስለምሄድ እስቅባቸዋለሁ።

ፍየሏ የመጣችው በሐምሌ ነው። አባቴ ጭቃ የዋጠውን የአንድ ዘላን ግመል ጎትቶ ሲያወጣ ዋለና፣ ዘላኑ መርቆ መርቆ ሲያበቃ አንዲት የምትታለብ ፍየል ሰጠው። እናቴ ፍየሏን ስታይ ያሰበችው ስለ እኔ ነው። ዶካ ገበያ ውስጥ ሻይ የምትሸጥ በለጡ የምትባል የአክስቷ ልጅ ነበረች። "ልጁን ላኪልኝና እዚህ ይማር፤ ግን ባዶ እጁን አይምጣ፣ እኔም ኑሮ አለብኝ" ብላ ልካባት ነበር። በወተት የሚፈላ ሻይ ደግሞ ዶካ ላይ የጭነት ሾፌር ሁሉ የሚሻማበት ነው። ስለዚህ ፍየሏና እኔ አብረን እንድንሄድ፣ እሷ እንድትታለብ፣ እኔ እንድማር ተወሰነ። እናቴ ከማሰሪያዋ አጠገብ ትቆምና "ትምህርት ቤታችን እያመሰኳች ነው፤ ዝም በሏት" ትላለች።

ችግሩ ይታያል የሚባለው ሰው ነው። ይታያል ከእኛ በፊት ብዙ ኸሪፍ ሱዳን የከረመ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከራኩባው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው ነበር። እወደው ነበር። ከኪሱ ስኳር እያወጣ መዳፌ ላይ ያፈስልኛል። አንድ ቀን ፍየሏን አፍጥጦ አያትና የቀኝ ጆሮዋን ያዘ።

"ይህች ጆሮ የእኔ ናት" አለ። "ጫፏን የቆረጥኋት እኔ ነኝ። አምና ከነእናቷ የጠፋችብኝ ናት።"

"ጆሮዋ ያንተ ከሆነ ጆሮዋን ውሰድ" አለው አባቴ። "የቀረው የእኔ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይታያል አልሳቀም።

እናቴ አባቴን ከራኩባው ጀርባ ወስዳ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። "ተወው አየነው። ሰውየው ደም አለበት።"

"ይኑርበታ! እኔ ልጅ አለብኝ።"

ከዚያ በኋላ ይታያልን ባየሁ ቁጥር እጁንና አፍንጫውን እመረምር ነበር። ደም የሚባል ነገር የለም። እናቴ ቀጥፋለች ብዬ ተውኳት። ሰውየው ጠገዴ ላይ ነፍስ አጥፍቶ፣ የሟች ወገን ሲያስሰው ድንበር የተሻገረ መሆኑን የሰማሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ያን ሰሞን የራኩባው ሽማግሌዎችም ተሰብስበው "ነገሩ ጆሮ ስላለበት ከበድ ይላል" ብለው ተበተኑ። የፈሩት ጆሮውን አልነበረም።

"እንግዲያው ከፍ ያለ ዳኛ ይየው!" አለ አባቴ።

"ይየው!" አለ ይታያል።

በአገራችን ደንብ ሁለት ሰው ሲካሰስ የነጠላውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥሮ ዳኛ ፍለጋ ይሄዳል። ቋጠሮውን የሚፈታው ፍርድ ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው "በሕግ አምላክ" ካሉት፣ ቢቸኩልም፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ብትሆንም፣ ቆሞ መፍረድ አለበት። ደንቡ የተሠራው ለአገር ቤት ነው። ለዶካ መንገድ አልተሠራም።

ጾሙ በተፈታበት ጠዋት አባቴና ይታያል ጋቢያቸውን ተቋጠሩ። አረሙ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ተቋጥረው አረሙ። አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው ይጎተታል። አንዱ ሽንቱን ሊሸና ሲሄድ ሌላው ፊቱን አዙሮ አጠገቡ ይቆማል። ሳሉጉ ሥራውን ትቶ "ሙሽሮቹ! ሙሽሮቹ!" እያለ ያፏጫል። የእርሻው ወኪል በአረብኛ ይራገማል። እነሱ ግን መንገዱን ብቻ ያያሉ። መጀመሪያ ያለፈው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ "በሕግ አምላክ!" ሲሉት ጭቃ ረጭቷቸው ሄደ። ቀጥሎ ያለፈው ግመል የሚነዳ ሰው ነው፤ እሱ ፍየሏን ልግዛችሁ አለ።

ረፋድ ላይ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ከፊታችን መጣና ቀስ ብሎ፣ ተጨንቆ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ነጭ ጀላቢያ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ሽቷቸው ከጭቃውና ከናፍጣው በላይ የሚያውድ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ባለመነጽር። ሾፌሩ ትራክተር ፍለጋ ሊሮጥ ሲል ኸይረዲን ጠጋ ብሎ አናገረው። ኸይረዲን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጣ፣ አረብኛውን እንደ ሱዳኖቹ የሚያንበለብል ጎልማሳ ነው። በወኪሉና በእኛ መካከል የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። ፊቱ ተለዋውጦ ወደ እኛ ሮጠ።

"ዳኞች ናቸው!" አለ። "የአውራጃ፣ የክፍለ ሀገር እንዳይመስሏችሁ። የካርቱም ናቸው፤ የላይኛው ፍርድ ቤት። ከእነዚህ በላይ አላህ ብቻ ነው ያለው!"

እኔ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። ከፍ ያለ ዳኛ ይየው ብሎ ነበር፤ ይኸው ከፍ ያለው መጣ። አባቴ የተናገረው ሁሉ እንደሚሆን ያን ጊዜ አመንኩ። መኪናው ውስጥ ካርቶን ተደርድሮ አየሁ፤ ሕጉን ይዘው ነው የመጡት አልኩ።

የአንደኛቸው የእህት ልጅ ዶካ ላይ እየተዳረች ነበር። ካርቶኑ ከረሜላ ነው።

ዳኞቹን ራኩባችን ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ አስቀመጥናቸው። እናቴ ጭቃ የነካው እግራቸውን ለማጠብ ውኃ አመጣች። ባለመነጽሩ አፍሮ እግሩን ሸሸገ። ከዚያ አባቴና ይታያል እንደተቋጠሩ ከፊታቸው ቆሙና ባንድ አፍ "በሕግ አምላክ!" አሉ።

ወፍራሙ ዳኛ ቋጠሮውን አየ፤ ኸይረዲንን ጠየቀው። ኸይረዲን አስረዳው። ሦስቱም ተያዩ፤ ቀጭኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ትራክተሩ ገና ነው። ወፍራሙ ተደላድሎ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ፤ በሉ ማለቱ ነው።

አቤት አባቴ ያን ቀን! አረም ሲያርም የማውቀው ጎባጣ ሰውዬ ጠፋ። ዱላውን ተመርኩዞ ጭቃውን ረገጠና፦

"በላ ልበልሃ! ግመል ሰጥሞ ቢጮህ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ገባሁ፤ በላቤ ጎትቼ ባወጣ፣ በምርቃት ፍየል ወሰድሁ። ልጄን ላስተምርባት ነው ጌቶቼ! ይህ ልጅ ሊማርባት ነው! ከዘላኑ እጅ ተመርቃ የተሰጠችኝ ካልሆነች፣ በቅሎ እሰጥ!"

"አገባ!" አለ ይታያል፣ እሱም ረግጦ። "ጆሮዋን በቢላዬ የቆረጥኋት ካልሆነች፣ እኔም በቅሎ እሰጥ!"

አባቴ በቅሎ የለውም። የአባቴ አባትም አልነበረውም። ሙግት ላይ ግን እንደዚያ ነው የሚባል፤ በቅሎ አስይዞ ይወራረዳል፣ የተረታው በቅሎዋን ለዳኛው ይገብራል። በቅሎ ሳያነሱ መከራከርማ ሐሜት ነው።

ወፍራሙ ዳኛ "ምን አለ?" ብሎ መጠየቁ ገባኝ። ኸይረዲን መለሰለት። ዳኛው እንደገና ጠየቀው፤ ኸይረዲን በጣቱ ወደ ራሱ ወደ ዳኛው አመለከተ። ዳኛው ዘሎ ተነሳ! አልጋው ጮኸ፣ ጥምጥሙ ተፈትቶ አንዱ ጫፍ ጭቃ ነካ። ፊቱ ቀላ። በቁጣ ይናገራል፣ ምራቁ ይረጫል፣ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል።

አሁን ነው የሚገባኝ፤ ለላይኛው ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቅሎ ጉቦ ሊሰጡት ነው የመሰለው። ያን ጊዜ ግን አንዲት በቅሎ ያነሰችው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በአንድ በቅሎ ይደለላል? የአባቴን ጋቢ ጎተትኩና "አባዬ፣ ሁለት በል" አልኩት።

"ሁለት በቅሎ እሰጥ!" አለ አባቴ።

"አገባ!" አለ ይታያል።

ቀጭኑ ዳኛ ከአልጋው ወደቀ። ስቆ ነው። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ኸይረዲን በጥድፊያ ለወፍራሙ ዳኛ ብዙ ነገር አብራራለት፤ ደንቡን መሆን አለበት። የዳኛው ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ሆዱ መርገብገብ ጀመረ፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ። ከዚያ ተቀምጦ፣ ጥምጥሙን እየጠመጠመ፣ ረጋ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ወደ መንገዱ አመለከተ። ወደ ፍየሏ አመለከተ። በመጨረሻ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እኔ ቀስሮ የሆነ ነገር አለ።

ኸይረዲን ወዲያው አልተረጎመም። ይታያልን አየው። ይታያል ወገቡ ላይ ያለው ቢላዋ ላይ እጁን አሳርፎ ነበር፤ ሰገባዋ ቀይ ቆዳ፣ ያማረች። ኸይረዲንም ሰገባዋን እያደነቀ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ ፍርዱን አሰማ።

"የካርቱም የላይኛው ፍርድ ቤት እንዲህ ይላል። ዘላኑ ያልነበረውን ሰጠ። የጆሮ ምልክት ከምርቃት ይበልጣል። ፍየሏ ለይታያል ትግባ። አያ አየነው ስለ ልጁ ትምህርት ያነሳኸውን አይተነዋል፤ ይህ ልጅ ለፍየል ጥበቃ እንጂ ለትምህርት የተፈጠረ አይደለም ይላሉ። በዚህ ላይ ይግባኝ የለም።"

መጀመሪያ የሳቀው ይታያል ነው። እጁ ከቢላዋው ተነስቶ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ሳሉጉ ሁሉ ሳቀ። ዳኞቹም፣ ሰው ሲስቅ አይተው፣ ደስ ብሏቸው ሳቁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ በቀስታ ጎንበስ ብሎ ለዳኞቹ እጅ ነሳ። ፍርድ ነዋ! ቋጠሮው ተፈታ። ይታያል ፍየሏን በጆሮዋ ይዞ ሄደ። እናቴ እግር ያጠበችበትን ውኃ ደፋችና "ሄደች ትምህርት ቤታችን" አለች፤ ለማንም አይደለም።

ትራክተሩ መኪናውን ሲጎትተው ወፍራሙ ዳኛ በመስኮት አየኝና አንድ እፍኝ ከረሜላ ወረወረልኝ። ፍየል ጠባቂ ብሎ ሰድቦኝ ሲያበቃ! አንዷን እንኳ አላነሳሁም። ሁሉንም እየዞርኩ ጭቃው ውስጥ ረገጥኳቸው። ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች እስከ ማታ ሲቆፍሩ ዋሉ።

እንግዲህ ሁለት ኸሪፍ ቆይቶ አገር ቤት መመለስ ቀረና ዶካ ገባን። ብፅአት የምትባል መምህርት ነበረች፤ ለስደተኛ ልጆች በነፃ ታስተምራለች። በለጡ ሻይ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ አየችኝና "ና ተማር፣ ፍየልም ጫማም አልጠይቅህም" አለችኝ። እናቴ ደስ ብሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። "ተፈርዶብኛል" አልኳት። ሳቀች። ቀኑን አልረሳም። እየተጎተትኩ ገባሁ፤ ሒሳብ ሲከብደኝ፣ ዳኛው አውቆ ነው እላለሁ። ፊደል ሲጠፋኝ፣ ይኸው፣ እላለሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። መምህርቷ እስከ ቤታችን መጥታ ለመነችኝ። የላይኛው ፍርድ ቤት የዘጋውን በር አንዲት መምህርት ልትከፍተው ትችላለች? በስምንት ዓመቴ ያመንኩትን በዐሥራ ሁለት ዓመቴ አልለወጥኩም፤ በሃያዬም አልለወጥኩም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ። ይታያልን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል። እናቴ ልትሞት ስትል ስለ ፍየሏ ጠየቅኋት። "ለነገሩ ጆሮዋ ተቆርጦ ነበር" አለች። "የማን እንደነበረች እግዜር ይወቀው።"

ይታያል የሞተው ዘንድሮ ነው፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ገዳሪፍ ላይ፣ በአልጋው፣ በሽምግልና። ከልጅ ልጆቹ ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጥተዋል። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሟቹን በደግ ያነሱታል። አንዱ ነካ አደረገኝና "ምስጋናው፣ ያንን የዳኛውን ነገር ንገራቸው እስኪ፤ ይታያልም አለበት አይደል" አለኝ። ነገርኳቸው። በቅሎዋ ላይ ስደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

ጥግ ላይ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ከሁሉ በላይ ይስቃል። ኸይረዲን ነው። አሁን ሐጂ ነው፤ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የእኛ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው።

"አንተ የአያ አየነው ልጅ!" አለኝ እንባውን እየጠረገ። "እስከ ዛሬ ያ ዳኛ የተናገረው ነው የሚመስልህ?"

"ታዲያ ማን ተናገረ?"

"ይታያል አፈር ገብቷል፤ አላህ ይማረው። እንግዲህ ይነገራል" አለና ዙሪያውን አየ፤ ሰው እንዲሰማው። "ወላሂ፣ ዳኛው አልፈረደም። እኛ ሰው አንሰማም፣ ከታች ተፈርዶ የመጣውን ወረቀት ነው የምናይ፣ አለ። የዶካው ፍርድ ቤት ይየው አለ። እስከዚያ ፍየሏ በያዛት እጅ ትቆይ አለ።"

"በያዛት እጅ…"

"በአባትህ። ታዲያ ያንን እንዳለ ብተረጉመው ይታያል ዶካ ድረስ ይሄድ ነበር? እጁ የት እንደነበረች አላየህም? ጠገዴ ላይ ሰውየውን የወጋው በማሳ ድንበር ነው፤ በክንድ በማትሞላ መሬት! ጀንበር ሳትጠልቅ አባትህን ቀብረን እናድር ነበር። እኔ ፈረድኩ። ማን ሊጠይቀኝ? ከላይኛው በላይ ማን አለ?" ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጂ ኸይረዲን ደረቱ ሞላ። "አባትህ ከዚያ ወዲያ ስንት ዘመን ኖረ? ቁጠረው።"

መቁጠር አላስፈለገኝም። እውነቱን ነው።

"ወደ እኔ ሲያመለክትስ?" አልኩ። "ወደ እኔ አመልክቶ ምን አለ?"

"እሱ? እ…" ጢሙን ዳበሰ። "ይህ ልጅ መቼ ዋጋ እንደሚጨመር ያውቃል፣ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ጠበቃ ይወጣዋል፣ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ነው። እየሳቀ ነበር።"

ሻዬ በእጄ ላይ ነበር። ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሁን ሐጂ" አልኩ። "እርስዎ ፍየሏን ለይታያል ፈረዱ፤ አባቴ ዳነ። እኔን ፍየል ጠባቂ ያሉኝ ግን ስለምን ነበር?"

"እሷማ ማጣፈጫ ናት!" አለ። "አባትህ ልጄ ልጄ እያለ አስቸገረና። ልጁ ለትምህርት አይሆንም ካልኩ ክርክሩ ያልቃል። ደግሞ ሰው እንዲስቅ ነው። ይታያል ካልሳቀ አይለቅም፤ ሳቀ፣ ለቀቀ። አንዲት ቃል እኮ ናት፣ አንተ ልጅ። ምን ጎዳችህ?"

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ለዚያ ወፍራም ዳኛ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ራክሻ እየነዳሁ፣ አረብኛውን እያሳመርኩ፣ ስንት ዓመት የሠራሁት። የተሠራው ግን ለዳኛው ነበር።

ተነሳሁ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ከተከመረው ጫማ ውስጥ የራሴን ፈለግሁ፤ አንደኛው ከብዙ ጫማ ሥር ነበር፣ ሳብ አድርጌ አወጣሁት።

"ምስጋናው!" አለ ከኋላዬ። "ኧረ እየጠየቅሁህ ነው!"

አጎንብሼ ጫማዬን አደረግሁና ሄድሁ።